ከፀሐይ ዳርቻ ወደ ውርጭ አገር፤ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ጉዞ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ “ለሃያኛ ዓመት መገናኛችን ታሪክ ቀመስ ነገር ላኪልን” ብሎ ሲደውልልኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጥቁር አንበሳ ዋርድ፣ ስለ ሌሊት ተረኝነትና ስለ ራውንድ ፍርሃታችን ልጽፍ ነበር። እሱን ግን ከእኔ አሳምራችሁ የምትጽፉት ሞልታችኋል። እኔ በደንብ የማውቀው ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ፀሐያማ ከተሞች ተነስቶ የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ብርድ ውስጥ መግባት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን መንገድ ከእኛ በፊት እነማን እንደጀመሩት፣ እኛስ ምን ይዘን ምን ጥለን እንደሄድን ደግሞ ቁጭ ብለን ተነጋግረንበት አናውቅም። ስለዚህ እሱን ልጻፍ።

በባቻችን ውስጥ ሦስታችንን በስማችን የሚጠራ ብዙም አልነበረም። እኔ “ሰበታ” ነበርኩ፤ አንዱ “ቡራዩ”፣ አንዷ “ሱሉልታ”። ቅዳሜ ከሰዓት ከካምፓስ ስንወጣ በሦስት አቅጣጫ እንበተናለን። እኔ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ፣ እሱ በአስኮ አድርጎ የአምቦን መንገድ፣ እሷ በአዲሱ ገበያ ወጥታ የጎጃምን መንገድ ይዘን እንሄዳለን። ሰኞ ጠዋት ስንመለስ ጫማችን ላይ ወይ ጭቃ ወይ አቧራ አይጠፋም። የአዲስ አበባ ልጆች በዚያ ይስቁብን ነበር።

ያን ጊዜ ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ትንንሽ ከተሞች ነበሩ። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ሥር፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷና በሜታ ቢራ ፋብሪካዋ የምትታወቅ። ቡራዩ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚልከው የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋች የሣርና የወተት አገር፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሜዳውን አንጥቶ የሚያድርባት። “በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለውን ተረት ከልቧ የምትረዳው እሷ ብቻ ነች” እያልን እንቀልድባት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ገብተዋል።

ዛሬ እኔ ሚኒያፖሊስ ነኝ። ቡራዩ ሰሜን ዳኮታ ነው። ብርዱን ከልጅነቷ የለመደችው ሱሉልታ ግን እዚያው አገሯ ቀርታ ሬዚደንት ታስተምራለች። ይህን ጽሑፍ ልጀምር ስል ደውዬ ነገርኳት። “ስለ ብርዱ ብቻ እንዳትጽፊ” አለችኝ። “ብርድማ እኛም አለን። ማን ሄደ፣ ለምን ሄደ፣ ከሄደስ በኋላ ምን አደረገ፤ እሱን ጻፊ።”

ቆላው ከደጋው ሲበርድ

እኛ ብርድን የምንለካው በከፍታ ነው። ደጋ ይበርዳል፣ ቆላ ይሞቃል፣ ወይና ደጋ መሃል ላይ ነው። ይህ ቆጠራ ለአገራችን በትክክል ይሠራል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሚኒያፖሊስ ደግሞ 250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በእኛ ሂሳብ የለየለት ቆላ ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን፣ ሚኒያፖሊስ በ45 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። የእኛ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ይሞላል፤ የእነሱ አጭሩ ቀን ዘጠኝ ሰዓት እንኳን አይሞላም። በታኅሣሥ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ፀሐይ ትወጣና ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ለሥራ ስትወጣ ጨለማ፣ ስትመለስ ጨለማ።

ቃላችንም ግራ ያጋባል። ፈረንጆቹ “ዊንተር” የሚሉትን መዝገበ ቃላት “ክረምት” ይለዋል። ለሰበታ ልጅ ግን ክረምት ማለት ሐምሌ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የበቆሎ እሸት። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ በጋ ይሆናል። ሰውነታችን ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስ ፀሐይ ይጠብቃል። እዚያ ግን ፀሐይ የምትጠፋው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከብርዱ ይልቅ የጎዳኝ ይኼ የተገለበጠ ወቅት ነበር።

ብርዱ ቀልድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሚኒያፖሊስ ተመዝግቦ የሚታወቀው ዝቅተኛው ሙቀት፣ በጥር 1888 እ.ኤ.አ.፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ይደርሳል። የድሮ ሰዎች ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ በጥር መጨረሻ 2019 እ.ኤ.አ. እኔው ባለሁበት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገብቶ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ፖስታ ቤት እንኳን ደብዳቤ ማደል አቆመ። በ1991 እ.ኤ.አ. በጥቅምት መጨረሻ የጣለውን በረዶ ደግሞ ቀደም ብለው የመጡ አበሾች እስካሁን ያወሩታል፤ በአንድ ሰሞን ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዷል። ከተማዋ ብርዱን የምትታገለው በግንብ ነው። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሃል ከተማ ሕንፃዎችን በሁለተኛ ፎቅ ላይ በመስታወት ድልድይ አያይዛለች። “ስካይዌይ” ይሉታል። ካፖርት ሳትለብሱ ከባንክ ወደ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ወደ ምግብ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

እኔ የደረስኩት በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ በመስኮት ስመለከት ሰማዩ እንደ ሰበታ የመስከረም ሰማይ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ ታበራለች። “እንዲህ ከሆነማ ምን ይለኛል” ብዬ ሹራብ ብቻ ደርቤ ለዳቦ ወጣሁ። ሦስት መቶ ሜትር ሳልሄድ ጣቶቼ ቆፈናቸው፣ አፍንጫዬ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲደርቅ ተሰማኝ። እዚያ አገር ሰማይ የሚጠራው የሰሜን ዋልታ ደረቅ አየር ሲወርድ እንደሆነ፣ ከደመናማው ቀን ይልቅ ፀሐያማው እንደሚከፋ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ያከራዩኝ ከወለጋ የመጡ እናት በር ላይ ተቀብለው እጄን ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። “ፀሐይዋን አይተሽ ነው አይደል? ሁላችንንም አታላናለች” አሉኝ።

ከእኛ በፊት የሄዱ

ከአገር ወጥቶ ሐኪም መሆን በእኛ ትውልድ አልተጀመረም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ሕንድ ውስጥ አደጉ፤ በ1882 እ.ኤ.አ. ላሆር ላይ ሕክምና ተመርቀው ኋላም በስኮትላንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው መጡ። ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ማስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ። መካከለኛው ምዕራብ ማለት ነው፤ በረዶውን ከእኛ በፊት ቀምሰውታል። ከዚያ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው፣ ጣሊያን አገራችንን ሲወር በሐኪምነት ዘመቱ። ከሽንፈቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በ1937 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ኒው ዮርክ ላይ አቋቋሙ። በ1940 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ገና 40 ዓመት ገደማቸው ነበር።

እነዚህ ነጠላ ሰዎች ናቸው። በብዛት መሄድ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። ከቀይ ሽብር፣ ከጦርነትና ከእስር የሸሹ ሰዎች ሱዳን፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ኬንያ ገቡ። በመጋቢት 1980 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ በር ሲከፍት፣ ከአፍሪካ በዚያ ሕግ በብዛት አሜሪካ ከገቡት መካከል ቀዳሚዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ኦሮሞዎች ሚኒሶታ ሰፈሩ። ዛሬ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በአሜሪካ ትልቁ የኦሮሞ ማኅበረሰብ የሚገኝባቸው ሲሆኑ፣ ሰዉ “ትንሿ ኦሮሚያ” ይላቸዋል።

“ፀሐያማ ስቴት ሞልቶ ለምን እዚያ በረዶ ውስጥ?” ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ስደተኛ የሚቀበሉት የሉተራንና የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅቶች እዚያ ጠንካራ ናቸው። የሚኒሶታ ሉተራኖች በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከስዊድን፣ ከኖርዌይና ከጀርመን የተሰደዱ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ብዙ የማይጠይቅ ሥራ አለ፤ የሥጋ ፋብሪካ፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ መጋዘን። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ዘመድ ዘመድን ይጠራል። አንድ የሰበታ ልጅ ሥራ ካገኘ ወንድሙን ያመጣል፣ ወንድሙ ሚስቱን፣ እሷ እናቷን። ሌላ ሞቃት ስቴት ላይ ሰፍረው የነበሩ እንኳን ኋላ ተነስተው ወደ ብርዱ የመጡ ብዙ ናቸው። ሰው ከአየር ጠባይ ይልቅ ሰውን ይከተላል።

ሦስት ዕጣ

የእኛ ባች ታሪክ የዕጣ ታሪክ ነው። በ1997 ዓ.ም. ስንመረቅ የመጀመሪያውን ዕጣ አወጣን፤ የምደባ ዕጣ። ታስታውሳላችሁ፣ የሳቀም ያለቀሰም ነበር። እኔ አንድ የዞን ሆስፒታል ደረሰኝና ሦስት ዓመት አገለገልኩ።

ሁለተኛው ዕጣ ዲቪ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ተፈጥሮ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመደበኛነት ሠራ። ሰበታ ላይ በኅዳር ወር ፎቶ ቤት ደጃፍ ያለውን ሰልፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔ የሞላሁት እህቴ ስለጨቀጨቀችኝ ነው፤ እሷ ቀረች፣ እኔ ወጣልኝ።

ሦስተኛው ዕጣ አሜሪካ ከተደረሰ በኋላ ይጠብቃል፤ “ማች” ይባላል። የዩኤስኤምኤልኢ ፈተናዎችን ካለፋችሁ፣ ዲግሪያችሁም ከተረጋገጠ በኋላ ለሬዚደንሲ ታመለክታላችሁ፤ በመጋቢት ወር ኮምፒዩተር ማን የት እንደሚሄድ ይናገራል። ዕጣ አይደለም ይሉናል፤ ለእኛ ግን ዕጣ ነው። በመካከሉ ሦስት ዓመት ተኩል በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ረዳት ነርስ ሆኜ ሠራሁ። ሽንት ጨርቅ እየቀየርኩ፣ በእረፍት ሰዓቴ ባዮኬሚስትሪ እያነበብኩ። ከምጠብቃቸው አረጋውያን ብዙዎቹ የስዊድን ስደተኞች የልጅ ልጆች ነበሩ። አንድ ሌሊት ለአንዷ፣ ሕፃናትን ማከም የተማርኩት ስዊድኖች ከእኛ መንግሥት ጋር ሆነው ባቋቋሙት ክሊኒክ ታሪክ ላይ በቆመ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ነገርኳት። የኢትዮ-ስዊድንን ማለቴ ነው። ሳቀች። “እኛም እኮ እዚህ የመጣነው ርቦን ነው” አለችኝ።

ቡራዩ በሌላ መንገድ መጣ። ማች ደርሶት በጄ-ዋን ቪዛ ገባ። ይህ ቪዛ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁለት ዓመት ወደ አገር ተመለስ ይላል፤ ካልሆነ ሐኪም ባጣ አካባቢ ሦስት ዓመት አገልግል። ሁለተኛው በር የተከፈተው በ1994 እ.ኤ.አ. ሲሆን “ኮንራድ” የሚባለው በሰሜን ዳኮታው ሴናተር ኬንት ኮንራድ ስም ነው። አሁን እያንዳንዱ ስቴት በዓመት 30 ሐኪም በዚህ ማስቀረት ይችላል። ሴናተሩ የገጠር ስቴት ሰው መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ የአገሬው ሐኪም የማይሄድበትን ሜዳ የሚሞላው ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከናይጄሪያና ከእኛ የመጣ ሐኪም ነው። ቡራዩ ሦስት ሺህ ሰው የማይሞላ ከተማ ውስጥ ተቀመጠ። “እንግዲህ በዕጣ ገጠር የደረሳቸውን ስናዝንላቸው ነበር” ይለኛል እየሳቀ፤ “ይኸው እኔ ዳኮታ ወጣልኝ!”

በሁለተኛው ዓመት አባቱ ቡራዩ ላይ አረፉ። ከአሜሪካ ከወጣ ቪዛው ተመልሶ እስኪታተም ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚነግረው አልነበረም፤ ከዘገየ ኮንትራቱ ይፈርሳል፣ እሱ ከፈረሰ ሁሉም ይፈርሳል። ቀረ። እኔና ሁለት አበሾች ንፍሮ ቀቅለን፣ በረዶ እየነፈሰ መንገዱን ሲያለብሰው አራት ሰዓት ነድተን ለቅሶ ደረስን። ብቻውን ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን ብለን ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠሩ ነርሶች፣ ሁለት ገበሬዎችና አንድ ቄስ ሳሎኑን ሞልተውታል። እያንዳንዳቸው “ሆትዲሽ” የሚሉትን፣ ድንችና ሥጋ በምድጃ የተጋገረበትን ትሪ ይዘው መጥተዋል። ቡራዩ እኛን ሲያይ ነው ያለቀሰው። “አፈሩን አላለበስኩትም” አለ፤ ሌላ ምንም አላለም። ከዚያች ቀን ወዲህ “አሜሪካ ያለ ሐኪም ምን ጎደለው” የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አቅቶኛል።

ፀሐይ መሞቅ

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፤ መምህራኖቻችን ቢቆጡኝም ይገባኛል።

ሬዚደንት ሆኜ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ አንዲት ከሱሉልታ አካባቢ የመጡ እናት ልጃቸው ይዟቸው ክሊኒክ መጡ። አፋን ኦሮሞ ስለምሰማ አስተርጓሚ ሳልጠራ አነጋገርኳቸው። “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አጥንቴ ሁሉ ይታመማል” አሉኝ። ዳሌያቸው፣ ጎናቸው፣ ጭናቸው። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይበሉም፣ ከኅዳር ወዲህ ከፎቅ አልወረዱም። ሳነጋግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ስለ ላሞቻቸው፣ ስለ ጓሯቸው አወሩኝ። እኔ ምን አልኩ? “ናፍቆት ነው፣ ድባቴ ነው።” መድኃኒት ጻፍኩና ሸኘኋቸው። ምክንያቱም ያ ናፍቆት የእኔም ነበር፤ የራሴን በሽታ እሳቸው ላይ አየሁት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ከወንበር በእጃቸው ሳይደገፉ መነሳት አልቻሉም፤ ሲራመዱም እንደ ዳክዬ ይወዛወዛሉ። ያኔ ደነገጥኩ። ደማቸው ሲታይ ቫይታሚን ዲ የለም ከሚባል ደረጃ ላይ ነው፣ ካልሲየሙ ወርዷል፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ ወጥቷል። ኦስቲዮማሌሲያ፤ የአጥንት መለስለስ። የአዋቂ ሪኬትስ ማለት እኮ ነው።

እስቲ አስቡት። ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንጓው ያበጠ፣ ደረቱ የጎበጠ ሕፃን ስንት ጊዜ አሳይተውናል! ፀሐይ በሞላበት አገር ሪኬትስ የሚበዛው እናቶች ምችና የሰው ዓይን ፈርተው ሕፃኑን ስለሚሸፍኑ መሆኑን ስንት ጊዜ ተምረናል! “ፀሐይ አሙቂው” ያላልናት እናት አለች? ፀሐይ በሌለበት አገር ግን ያንን ትምህርት ረሳሁት።

ጉዳዩ ከተጠና ቆይቷል። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ የቦስተን ጥናት እንዳሳየው፣ በ42 ዲግሪ ሰሜን ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ የፀሐይ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ቫይታሚን ዲ አያስፈጥርም፤ ጨረሩ አጋድሞ ስለሚመጣ የሚፈለገው ክፍል አየር ውስጥ ተጣርቶ ይቀራል። ሚኒያፖሊስ ከቦስተን በላይ ነው። በዚያ ላይ ጥቁር ቆዳ ለተመሳሳይ መጠን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ገላን የሚሸፍን ልብስና ከፎቅ አለመውረድ ሲጨመርበት ውጤቱ የታወቀ ነው። ስለ ድባቴውም ቢሆን ያልኩት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። በወቅት የሚመጣውን ድባቴ በ1984 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር የገለጸው ኖርማን ሮዘንታል ራሱ ከጆሃንስበርግ ፀሐይ ወደ ኒው ዮርክ የመጣ ሐኪም ነው፤ ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው ራሱ ላይ ነው። የሚታከመውም በጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ በሚሰጥ መብራት ፊት በመቀመጥ ነው። ጥፋቴ ድባቴን ማየቴ አይደለም፤ እሱን አይቼ ማቆሜ ነው።

እኚያ እናት በቫይታሚን ዲና በካልሲየም ታክመው በግንቦት በእግራቸው መጡ። እኔም የራሴን ደም አስመረመርኩ፤ የእኔም ወርዶ ነበር። እማዬ በሻንጣዬ የከተተችልኝን ጋቢ ደርቤ እየዞርኩ፣ ሐኪም ሆኜ፣ ሦስት ክረምት ሳላውቀው ኖሬያለሁ።

ያ የቺካጎ አባባል

“ቺካጎ ውስጥ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ይበልጣሉ” ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተማሪ ሳለን በስብሰባ ሁሉ ይደጋገም ነበር፤ ዛሬም አልሞተም። ቁጥሩ ግን አይቆምም። ማይክል ክሌመንስና ጉኒላ ፔተርሰን በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ የ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሕዝብ ቆጠራዎችን መሠረት ባደረገ ጥናት፣ ዘጠኝ ተቀባይ አገሮች ተደምረው ውጭ የነበሩት ኢትዮጵያ የተወለዱ ሐኪሞች ከጠቅላላው ሠላሳ በመቶ ያህል ናቸው። በመላው አሜሪካ የነበሩት እንኳን ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ቺካጎ ብቻዋን አገሪቱን ልትበልጥ አትችልም።

ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ከአሥር ሦስት መሄድ ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ ያኔ። መንግሥትም በበኩሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን አበዛ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ በአዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም 13 ተቋማት ተማሪ መቀበል ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሐኪም መኖሩን እንሰማለን። ጥያቄው ተለውጧል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚያጋንነው አባባል ሁለት ነገር ያበላሻል፤ የሄደውን ወይ ከሃዲ ወይ ጀግና ያደርገዋል፣ ቀርቶ የሠራውን ደግሞ ጭራሽ አያየውም። ሱሉልታ ስትበሳጭ የምትለው ይኼንን ነው፤ “እኛ እኮ እዚህ አለን። ስለ ሄዱት ሲወራ እኛ የለንም ማለት ነው እንዴ?”

መሄድና መቅረትን ያገናኘ ሥራም አለ። የጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀመረ። ሚሺጋን ማለት ያው መካከለኛው ምዕራብ፣ ያው በረዶ ነው። እዚያ የኖሩ የአገራችን ልጆች በሁለቱ መካከል ድልድይ ባይሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀላሉ አይታሰብም ነበር።

በብርድ ገንዘብ የተሠራ ቤት

ከከተሞቻችን ልሰናበት። ሰበታን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በ2016 ዓ.ም. ነው። ልጅ ሆነን ጤፍ ሲወቃበት የምናየው ሜዳ ላይ ፋብሪካና ፎቅ ቆሟል፤ የጅቡቲ ባቡር የሚነሳው ከእኛ ሰፈር ጀርባ ነው። ቡራዩና ሱሉልታም እንደዚያው። ከነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ከውጭ በተላከ ገንዘብ ነው፤ በሌሊት ተረኝነት፣ በሥጋ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ በበረዶ ላይ በተነዳ ታክሲ። በሌላ በኩል ለዚያ ግንባታ መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ አለ። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ምክንያት የተነሳውን ተቃውሞ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ያደርነውን አልረሳም። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአንድ ፎቅ ላይ ቤት የሚያሠራውና መሬቱን ያጣው ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በአንድ ሊፍት ይወርዳሉ። እኔ ሁለቱንም አክማለሁ። የሁለቱም አጥንት ያው ፀሐይ ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ ሱሉልታ “ከሄዳችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ?” ብላ ለጠየቀችው ያለኝ መልስ ትንሽ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሦስታችን ለእሷ ሬዚደንቶች የኬዝ ውይይት እንመራለን። እዚያ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ በታኅሣሥ ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። መጀመሪያ ያቀረብኩት ኬዝ የእኚያን እናት ነበር፤ ከነስህተቴ። ካሜራው ሲበራ ከሬዚደንቶቹ ጀርባ ባለው መስኮት የከሰዓቱ ፀሐይ ይገባል። ቡራዩ አንድ ቀን “ወንበራችሁን ትንሽ ወደ ግራ አድርጉልን፣ ፀሐይዋን እንያት” ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ወዲህ ሳንጠይቃቸው ያደርጉልናል።

ይህን የምታነቡ የባቻችን ልጆች፣ ውጭ ያላችሁ ከአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አታጡም፤ አገር ያላችሁ ደግሞ የምትሉን ሞልቷችኋል። ለመሄድ የምትዘጋጁ ወጣቶችም፣ አትሂዱ አልላችሁም፤ እኔ ሄጃለሁና አያምርብኝም። ጋቢ ያዙ፣ ቫይታሚን ዲ ዋጡ፣ የጠራ ሰማይ አይታችሁ ሳትለብሱ አትውጡ። ለተማራችሁበት ቤት ደግሞ በየጊዜው ደውሉ።

በመገናኛው ቀን ሱሉልታ ቤት ቡና ተጠርታችኋል። ብርዱ እንደድሮው ነውና ሹራብ አትርሱ። ቸር ያገናኘን።